የዛንዚባር ክረምት

ዓባይነህ በቡናው ይቀና ነበር። ቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያነሳት ቀልድ አለችው፤ «እኔ ያደረቅሁት ቡና መርከብ ተሳፍሮ ባሕር ሲያቋርጥ፣ እኔ ጅማ ደርሼ እመለሳለሁ። ከሁለታችን ማን ነው ጌታው?» ይላል። እንግዳው ይስቃል። ሚስቱ አሰጋሽ ግን ቀልዷን ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ስለሰማቻት አትስቅም። ደግሞም ቀልድ ብቻ እንዳልሆነች ታውቃለች። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ብቅ ሲል ሰውዬው ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ እንደሚቀር ስንት ጊዜ አይታለች።

ልጃቸው ሐሴት አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ራሷን ከቻለች በኋላ ነገሩ ዕቅድ ሆነ። ለሁለቱም ፓስፖርት አስወጣችላቸው። «ዛንዚባር ነው የምልካችሁ፤ ደሴት ናት፤ በየትም በኩል ብትወጡ ባሕር ነው» አለቻቸው። ዓባይነህ ቅርንፉድ የሚበቅልባት ደሴት መሆኗን ሲሰማ ደግሞ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው። «እኛ ቴፒ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ እነሱ ቅርንፉድ። አንግባባም ብለሽ ነው?» እያለ አሰጋሽን ይጠይቃታል። ቀኑ ግን አልተቆረጠም። ቡናው ይሰብሰብ ተባለ፤ ተሰበሰበ። ይድረቅ ተባለ። ይሸጥ ተባለ። እንዲህ ሲባል ጥር አለቀና በየካቲት የዓባይነህ ዓይን ቢጫ ሆነ።

ጅማ ወስደው አስመረመሩት። ሐኪሙ እንደ ወጉ ለታማሚው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነበር የነገረው። ዓባይነህ ውስጥ ሆኖ ሸሚዙን ሲቆልፍ፣ አሰጋሽና የባሏ ታናሽ ወንድም ተረፈ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ጉበቱ ላይ ያለው ነገር ገፍቷል፤ ቢላም መድኃኒትም የሚመልሰው አይደለም። «ክረምቱን የሚሻገር አይመስለኝም» አለ ሐኪሙ፤ «አሁን ግን ጉልበት አለው። የሚወደው ነገር ካለ አሁን ያድርግ።»

ተረፈ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሄዶ ፊቱን ታጠበና ውሳኔ ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ እንዳይሰማ» አለ። «የወፍ በሽታ ነው እንበለው። ቅባት ከተውክ ይለቅሃል እንበለው። እትዬ፣ አደራ!»

አሰጋሽ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምን ታድርግ? በእኛ አገር የሰው ሞት የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ደጅ ተንኳክቶ፣ ሐዘንተኛውን ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው ነው። ይህ ለቀሪ የተሠራ ሥርዓት ነው። ለራሱ ለሟቹ፣ በእግሩ ቆሞ እየሄደ ላለ ሰው፣ መርዶውን ማን በየትኛው ማለዳ እንደሚነግረው የደነገገ የለም። ስለዚህ ዝም ይባላል። አሰጋሽም ዝም አለች፤ በልቧ ግን አንድ ነገር ቆረጠች። ዓባይነህ ባሕር ማየት አለበት፤ ማየት ያለበትም አሁን ነው።

የቸገራት የሰውዬው ጠባይ ነበር። ዓባይነህ ቡና አድራቂ ነው፤ ሰማይ ሳያይ ከደጅ አይወጣም። ቴፒ ላይ ቡና ማድረቅ ማለት ከዝናብ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ነው። እዚህ አገር ዝናብ «ወቅቴ አይደለም» ብሎ አያፍርም፤ መስከረምም ይዘንባል፤ ኅዳርም ይዘንባል። ቀዩ የቡና ፍሬ ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ደመና ከጌጫ በኩል ብቅ ካለ ሁሉም ሸራ ይዞ ይሮጣል። ከጅማ በተመለሱ በሳምንቱ ገደማ፣ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ሳለ፣ አሰጋሽ «ሐሴት ፋሲካ እንዳለፈ ሂዱ እያለች ነው» ስትለው የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ የሚጠበቅ ነበር።

«የዚያ አገር ክረምት መቼ ነው?»

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለችና ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች።

ሐሴት ጉዳዩን ከተረፈ ሰምታለች። ስታወራ ድምፅዋ ከአፍንጫዋ ነው የሚወጣው።

«እማዬ፣ ችግር አለ። የጉዞ ወኪሏን ጠይቄያት ነበር። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ዋናው ዝናባቸው እሱ ነው። የሚዘጉ ሆቴሎች ሁሉ አሉ አለችኝ። ከሰኔ ወዲያ ነው የሚመረጠው። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ።»

«ሐምሌ» አለች አሰጋሽ።

«አዎ፣ ሐምሌ።»

ሐሴት አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«ለአባዬ ምን ልበለው?»

«ክረምታቸው እንደኛው ነው በይው። ሐምሌና ነሐሴ ዶፍ ነው፤ አሁን ፀሐይ ነው በይው።»

«እማዬ! ስልኩ ላይ ማየት ይችላል እኮ!»

«አባትሽ ስልኩ ላይ የሚያየው የቡና ዋጋና የትግል ግጥሚያ ነው።»

«እሺ፣ እዚያ ደርሶ ሲዘንብበትስ?»

«እዚያ ይድረስና ይዝነብበት!» አለች አሰጋሽ፤ ስልኩንም ዘጋችው።

ዓባይነህ ውሸቷን ሲሰማ ግንባሩን ቋጠረ። «እንደኛው? ገርሞኛል። ከምድር ወገብ ወዲያ እኮ ነው። ተገላቢጦሽ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቋርጥም ጂኦግራፊ ይወድ ነበር። አሰጋሽ «እኔ ምን አውቄ፣ የነገሩኝን ነው የነገርኩህ» አለችና ወደ ማድቤት ገባች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአሰጋሽ ውሸት ግን እያደር ከበደ። የመጀመሪያው ፍርሃቷ ሀጂራ ነበረች። ሀጂራ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው ናት። ታላቅ ወንድሟ ሞምባሳ ወርዶ ዕድሜውን እዚያ የፈጀ ነው፤ የዚያን ባሕር ነገር ከሀጂራ የበለጠ የሚሰማ በሰፈሩ የለም። ዓባይነህ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ሳያጣራ አይተኛም። አሰጋሽ ቀድማው ወደ ሱቁ ሮጠች፤ መደርደሪያው ላይ ተደግፋም ሁሉንም ነገረቻት።

ሀጂራ እየሰማች የሳሙና ካርቶን ትፈታ ነበር። እጇ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

«ወይ ጋሽ ዓባይነህ» አለች። ቆይታ ደግሞ «አሰጉ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔ ለሰው ባል ስል ጀሀነም አልገባም። ውሸት አልናገርም።»

«ተናገሪ አላልኩሽም። ዝም በይልኝ።»

«ዝም ማለትማ እችላለሁ። ዝምታ አይጻፍብኝም።» ካርቶኑን መፍታት ቀጠለች። «ግን ምን ዓይነት ነገር ውስጥ ነው የገባሽው? በሰማይ ላይ ይዋሻል? የሚዘንብ ነገር እኮ ነው፤ ዘንቦ ያጋልጥሻል።»

ዓባይነህ በማግስቱ ከሱቁ ሲመለስ እጁ ላይ ተምር ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ግን ግራ መጋባት ነው።

«ሀጂራ ደህና ናት?» አለ።

«ምን ሆነች?»

«ያ የሞምባሳ ወንድምሽ ዝናቡን መቼ ነው የሚለው ብላት፣ ‹ዝናብ የአላህ ነው› አለችኝ። የአላህ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ እኔ ወሩን ነው የጠየቅኋት! ከዚያ ይሄን ተምር ሰጠችኝና ዓይኗን ጠረገች።»

«ጉንፋን ይዟታል» አለች አሰጋሽ።

«ጉንፋን ሲይዝ ተምር በነጻ ይሰጣል?» አለና አንዱን ጎረሰ።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው ካልጠረጠረችው በኩል ነው። ተረፈ ከሚዛን ተፈሪ፣ ከሚሠራበት፣ እሑድ እሑድ ወንድሙን ሊጠይቅ ይመጣል። የዚያን እሑድ ከባጃጅ ሲወርድ በብብቱ አንድ ጥቅል ይዟል። ገና ሳይቀመጥ ፈታው። ሞተረኞች የሚለብሱት ዓይነት፣ ከነቆቡ፣ ሁለት የዝናብ ልብስ ነው።

«ጋሼ፣ ለዛንዚባር ነው! እዚያ አሁን የሚጥለው ዝናብ አይጣል ነው አሉ። ግን ምን አለበት? ዝናብም ሰው አይገድል። ሂዱ ዝም ብላችሁ!»

አሰጋሽ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን መታችው። ተረፈ ደነገጠ፤ አያት፤ ነገሩ ግን ቶሎ አልገባውም። ሐሴት የዝናቡን እውነት ነግራዋለች፤ እናቷ የፈጠረችውን ክረምት ግን አልነገረችውም።

«አሁን?» አለ ዓባይነህ። «አሁን ፀሐይ ነው ተባለ እኮ። ዝናቡ ነሐሴ ነው።»

«አዎ ነሐሴ!» አለ ተረፈ። «ማለቴ፣ ለነሐሴ ነው የገዛሁት።»

«ነሐሴ እዚህ ነን፤ እዚያ አይደለንም።»

«እዚህስ አይዘንብም እንዴ?»

ዓባይነህ የዝናብ ልብሱን አነሳ፤ ገለበጠው፤ መልሶም አስቀመጠው። «አንተ ልጅ፣ ቴፒ ተወልደህ አድገህ፣ በሃምሳ ዓመትህ ለዝናብ ልብስ መግዛት ዛሬ ትዝ አለህ?» አለው። ተረፈ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አልቆም ስላለው ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወደ ደጅ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰጋሽ ራሷ ሁለቱን ክረምቶች መለየት አቃታት። ቅዳሴ ቆማ «ሚያዝያ እዚያ ይዘንባል፣ እሱ ጋ ግን አይዘንብም፤ ነሐሴ እዚያ ፀሐይ ነው፣ እሱ ጋ ግን ዶፍ ነው» እያለች ወሮቹን በጣቷ ታጥፋለች፤ መሃል ላይ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ሻንጣ ስታዘጋጅ ስስ የበጋ ቀሚስ አጥፋ ስታስገባ ራሷን ያዘች። ውሸቷን አምናው ኖሯል። ቀሚሱን አወጣችው። ሹራብ ልታስገባ ብላ ደግሞ ቢያይ ምን እላለሁ አለችና ተወችው። ሻንጣው ባዶውን ዋለ። ዓባይነህም በበኩሉ እየከሳ ነበር፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። «ቅባት መተው እንዴት ጥሩ ነው» ሲል እሰይ ትለዋለች።

አንድ ረፋድ ላይ አሰጋሽ ውኃ ይዛለት ወደ ማድረቂያው ግቢ ሄደች። ቡናው ስላለቀ የሽቦ አልጋዎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ሣር በቅሏል። ዓባይነህ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ በፒንሳ ቀጭን ሽቦ እየጠመዘዘ የተቀደደ አልጋ ይሰፋል። ለመጪው ዓመት ቡና ነው። አሰጋሽ ይህን ስታይ ውኃውን ሳትሰጠው ጎኑ ተቀመጠች።

«ወስኛለሁ አሰጉ» አለ፣ ዓይኑን ከሽቦው ሳያነሳ። «የምንሄደው ነሐሴ ነው።»

«ነሐሴ? ነሐሴ እኮ ዝናብ ነው ብዬሃለሁ!»

«ለዚሁ ነው።»

«ለምኑ?»

ፒንሳውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝናብ ያየሁት እየሮጥኩ ነው። ደመና ሲመጣ ሸራ፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ሸራ። ምሳዬን ጥዬ፣ እንግዳ ጥዬ። ሐሴት የተወለደች ዕለት እንኳ ሸራ ላይ አልነበርኩም? አንድ ቀን ተቀምጬ ዝናብ ሲዘንብ አላየሁም። እና ሳስበው፣ ባሕር ላይ ሲዘንብ ማየት ነው ያማረኝ። ማንም የማንንም ቡና ሳያበላሽበት። ባሕር ረጠበ ብሎ ሸራ ይዞ የሚሮጥ ሰው የለም። እኔ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ ጎኔ ሆነሽ፣ ዝም ብሎ ሲወርድ እናየዋለን። ፀሐዩንማ ምን አደርግለታለሁ?»

አሰጋሽ ውኃውን እንደያዘች ቀረች። እንዳይሄድበት ብላ የዘጋችው በር ሁሉ ተከፍቶ፣ እንዲሄድበት የከፈተችው ተዘጋ። አሁን አፏን ከያዘች ነሐሴን ይጠብቃል። ልትከለክለው ብትፈልግ ደግሞ በምን ትከለክለዋለች? ዝናብ ነው ብላ የምታስፈራራው ነገር ራሱ ምኞቱ ሆነ።

«አሁን ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ዝናቡ። እዚያ የሚዘንበው አሁን ነው። ነሐሴ ፀሐይ ነው።»

ዓባይነህ ዞሮ አያት። «ነሐሴ ዶፍ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

«ተረፈ አሁን ነው ሲል፣ በእግርሽ ስትመቺው አይቻለሁ። ሀጂራ ደግሞ የአላህ ነው ትለኛለች። ቆይ፣ አንድ ዝናብ እንዴት ነው ሰፈር ሙሉ የሚያስዋሽ? ሐምሌ ብሄድ ምን ይሆናል? ነሐሴ ብሄድ ማን ይጎዳል?»

ሌላ ውሸት ፈለገች። የአውሮፕላን ወረፋ፣ የሐሴት የዕረፍት ጊዜ፣ ሱባኤ። ሁሉም ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥተው ተመለሱ።

«እስከዚያ መቆየት አንችልም» አለች።

«ማን ነው የማይችለው?»

አሰጋሽ ከዓይኑ ሸሽታ ወደ ሽቦው ዞረች። እሱም ሲሰፋው የቆየውን ሽቦ አየ፤ አንዱን ጫፍ በጣቱ ነካው።

«ጅማ ላይ ነው የነገራችሁ?»

«ጅማ ላይ።»

«እኔ ልብስ ስለብስ።»

«አዎ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ተረፈ። ሐሴት። ደግሞም… ሀጂራ።»

«ሀጂራ!» አለ። ፊቱ ቀላ። «የእኔን ነገር ባለሱቋ ሰምታ ተምር ትሰጠኛለች፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ለመጪው ዓመት ሽቦ እጠመዝዛለሁ! ሰው በገዛ ሞቱ የመጨረሻው ሰሚ ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ስንኖር ምን ደብቄሽ አውቃለሁ?»

«እንዳትሰበር ብለን ነው፤ ተረፈም…»

«ተረፈን ተዪው!» ፒንሳውን ሣሩ ውስጥ ወረወረው፤ ተነሥቶም ወደ ቤት ገባ። ውኃው አሰጋሽ እጅ ላይ ቀረ።

የዚያን ቀን አላናገራትም። ምሳ አቀረበች፤ በላ፤ እጁን ታጠበ፤ ወጣ። ተረፈ ሲደውል ስልኩን አይቶ አስቀመጠው። ሐሴት ስትደውል አንስቶ «ደህና ነኝ» ብቻ አላት። አሰጋሽ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሰማት ማወቅ አልቻለችም። የከበዳት ነገር ወርዶላታል፤ በዚያው ልክ ባሏን በገዛ እጇ የቀበረችው ይመስላታል። ነግራዋለች ወይስ አልነገረችውም? ሞት የሚል ቃል እኮ ከአፏ አልወጣም። ራሱ ነው ያለው። ይህን ስታስብ ደግሞ ሰበብ እየፈለገች መሆኑ ያሳፍራታል። ሲገባና ሲወጣ ፊቱን ልታነብ ትሞክራለች። የተቆጣ ፊት ነው፣ የፈራ ፊት ነው፣ ወይስ የሚያስብ ፊት? ሠላሳ ዓመት ያወቀችው ፊት አልነበብ አላት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣና ጠዋት ከሐሴት ጠይቆ የተቀበለውን የጉዞ ወኪሏን ቁጥር ደወለ። ዓባይነህ ስልክ የሚያወራው ድምፁን ከፍቶ፣ ስልኩን እንደ ሰሐን ፊቱ ይዞ ነው። አሰጋሽ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

«የሐሴት አባት ነኝ» አለ። «ስለ ዛንዚባር ነበር። አሁን እየዘነበ ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ «ከባድ ዝናብ ነው። በየቀኑ ነው የሚጥለው። ጀልባም ላይወጣ ይችላል። እኔ አሁን እንዲሄዱ አልመክርዎትም። ሐምሌ ቢያደርጉት በጣም ያምራል።»

«ሐምሌ አይመቸኝም።»

«ነሐሴስ?»

«ነሐሴም አይመቸኝም፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ… እኔ እኮ በኋላ ዝናብ አበላሸብን እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ብዙ ሰው ይቀየመናል።»

«እኔ አልቀየምም። ፋሲካን ከልጄ ጋር አዲስ አበባ እውልና በማግስቱ እሄዳለሁ። ባሕሩ የሚታይበት በረንዳ ያለው ክፍል ይሁንልኝ። ጣሪያ ያለው በረንዳ።»

«ይቻላል ጋሼ። ብቻዎትን ነዎት?»

ዓባይነህ ቀና አለ። ከትናንት ወዲህ ሚስቱን ትክ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ፊቱ አልተፈታም፤ አልጠቆረምም።

«ከባለቤቴ ጋር ነኝ» አለ። «ትዋሻለች እንጂ ደህና ሰው ናት።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት በስልኩ ውስጥ ከት ብላ ሳቀች። አሰጋሽ ይቅር ተብላ ይሁን ተከስሳ አልገባትም፤ መሳቅም ማልቀስም አልመጣላትም።

«የፓስፖርታችሁን ቁጥር ይዘዋል?» አለች ልጅቷ።

«ቆዪማ። አሰጉ፣ ፓስፖርቱን አምጪው።»

አሰጋሽ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። ከፈተችው፤ እዚያ የለም። መሳቢያውን ሳበች፤ እዚያም የለም። በእጇ እንዳስቀመጠችው ታውቃለች፤ የት እንደሆነ ግን ጨርሶ ጠፋባት። ልብሱን ሁሉ አልጋው ላይ ማውጣት ጀመረች፤ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ያ ስስ ቀሚስ፣ የሱ ሸሚዞች።

«ቀስ በይ» አለ ዓባይነህ ከሳሎን። «ልጅቷ ትጠብቃለች።»